የቺፕ ማዕቀቡ ማንን አነቀ? ኑ እንከራከር

ሌሊት_አንባቢ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ከአንድ ወዳጄ ጋር ስንጨቃጨቅ አመሸን። እሱ «አሜሪካ በቻይና ላይ የጣለችው የቺፕ ማዕቀብ ውኃ በላው» ይላል። እኔ ደግሞ «ሠርቷል፣ ያውም በደንብ» ባይ ነኝ። ሳንግባባ ተለያየን። እንቅልፍም እምቢ ስላለኝ ነገሩን ወደ እናንተ አመጣሁት። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር።

ጉዳዩን ለማታውቁት ባጭሩ። ኦክቶበር 7 ቀን 2022 የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር አንድ ደንብ አወጣ። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሆኑት ጉልበተኛ ቺፖች ያለ ፈቃድ ለቻይና አይሸጡም አለ። እነሱ የሚሠሩባቸው ማሽኖችም አይሸጡም። አሜሪካዊ የሆነ ሰው ደግሞ እዚያ ላሉት የረቀቁ ፋብሪካዎች ያለ ፈቃድ አይሠራም። በ2023 ጃፓንና ኔዘርላንድስም የየራሳቸውን ክልከላ ጨመሩበት።

እኔ ግን ክርክሬን የማቆመው በአንዲት ማሽን ላይ ነው። ኢዩቪ ይሏታል፣ የቺፕን ረቂቅ መስመሮች በብርሃን የምትስል ናት። በዓለም ላይ ሠርቶ የሚሸጣት አንድ ኩባንያ ብቻ ነው፣ የኔዘርላንድሱ ኤኤስኤምኤል። አሠራሯን ሳነብ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቲን የሚባል ብረት ቀልጦ በሰከንድ 50,000 ጊዜ ጠብ ጠብ ይላል። እያንዳንዷን ጠብታ ሌዘር ሁለቴ ይመታታል። በመጀመሪያው ምት ትዘረጋለች፣ በሁለተኛው ትተናለች። ከዚያ የሚወጣው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 13.5 ናኖሜትር ነው። ይህን ብርሃን አየር ይውጠዋል፣ ስለዚህ ማሽኗ ውስጥ አየር የለም። ሌንስም ይውጠዋል፣ ስለዚህ በሌንስ ፋንታ የሚያገለግለው መስታወት ነው። መስታወቶቹን የሚያለዝበው የጀርመኑ ዛይስ ነው። አንዱ መስታወት ጀርመንን ያህል ቢሰፋ፣ ላዩ ላይ ያለው ትልቁ ጉብታ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይሞላም።

እንግዲህ ይህችን ማሽን ቻይና አንድም አላገኘችም። የኔዘርላንድስ መንግሥት ከ2019 ጀምሮ ፈቃዱን ይዞታል። በጣም የረቀቁትን ቺፖች በብዛት ማምረት ደግሞ ያለ እሷ አይታሰብም። ታዲያ ማዕቀቡ ካልሠራ ምኑ ነው የሠራው? ስህተት ካለኝ አሳዩኝ።

ነገር_አሳጥር

ሁዋዌ ሜት 60 ፕሮ። ኦገስት 2023። ጨርሻለሁ።

ሌሊት_አንባቢ

አሳጥር፣ እሷን ስጠብቃት ነበር። አዎ፣ የአሜሪካዋ የንግድ ሚኒስትር ጂና ራይሞንዶ ቻይና ገብታ ሳለች ነው ሁዋዌ ስልኩን ያለ ማስታወቂያ ገበያ ላይ የጣለው። ቴክኢንሳይትስ የሚባል የቺፕ መርማሪ ድርጅት ስልኩን ፈታትቶ ሲያየው ቺፑ የቻይናው ቺፕ አምራች ኤስኤምአይሲ የሠራው ባለ 7 ናኖሜትር ሆኖ ተገኘ። ብዙ ሰው ደነገጠ፣ እኔም ደንግጬ ነበር።

ግን ቆም ብለህ አስበው። የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ 7 ናኖሜትርን በብዛት ማምረት የጀመረው በ2018 ነው። አምስት ዓመት ማለት ነው። በዚህ ሙያ አምስት ዓመት ዕድሜ ነው።

ጠያቂው

ይቅርታ፣ መሐል ልግባ። 7 ናኖሜትር ስትሉ ከየት እስከ የት የተለካ ነው?

ኮድ_ጻፊዋ

@ጠያቂው ከየትም እስከ የትም 😀 የምሬን ነው። ድሮ ቁጥሩ ቺፑ ውስጥ ያለ አንድ አካል እውነተኛ ልክ ነበር። አሁን የንግድ ስም ነው። «7» ሲሉህ «ከ10 የሚቀጥለው ትውልድ» ማለታቸው ነው። ሜትር ይዘህ ብትገባ 7 የሚሆን ነገር አታገኝም።

ስለ ሜት 60 ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም «ሠሩት» ብሎ ማለፍና «እንዴት ሠሩት» ብሎ መጠየቅ ይለያያል። ኢዩቪ ስለሌላቸው በአሮጌው ብርሃን ነው የሠሩት፣ በ193 ናኖሜትሩ። ብርሃኑ ወፍራም ነው። ወፍራም ብዕር ይዘህ ቀጭን መስመር ሳል እንደማለት ነው። ስለዚህ አንዱን ሥዕል በአንድ ጊዜ አትጨርሰውም። ትስላለህ፣ ታጥባለህ፣ ትንሽ ገፋ አድርገህ እንደገና ትስላለህ፣ እንደገና። እያንዳንዱ ዙር ከቀዳሚው ጋር ልክክ ማለት አለበት። ለጥቂት ከሳተ ቺፑ ይጣላል። ስለዚህ ጥያቄው «መሥራት ይችላሉ ወይ» ሳይሆን «ከአንድ ዌፈር፣ ቺፖቹ ከሚቆረጡበት የሲሊከን ዝርግ፣ ላይ ስንት ደህና ቺፕ ይወጣል» ነው። እሱን ደግሞ ማንም ፋብሪካ በሰላሙ ቀን እንኳ አይነግርህም።

ታሪክ_ቆፋሪ

እናንተ 2022 ስትሉ እኔ ሳቄ ይመጣል። ነገሩ አሮጌ ነው።

ብሪታንያ የጨርቃ ጨርቅ ማሽኖቿ ወደ ውጭ እንዳይወጡ በሕግ ከልክላ ነበር። ማሽኑ ብቻ ሳይሆን ባለሙያውም እንዳይሰደድ ከልክላለች። ሳሙኤል ስሌተር የሚባል ወጣት በደርቢሺር የፈትል ፋብሪካ ሙያውን ተምሮ በ1789 የገበሬ ልጅ መስሎ መርከብ ተሳፈረ። ቦርሳው ቢፈተሽ አንድ ንድፍ አይገኝበትም። ሁሉም ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር። በ1790 ሮድ አይላንድ፣ ፖተኬት ላይ ማሽኖቹን ከትዝታው መልሶ ገጣጠማቸው። አሜሪካኖች የፋብሪካቸው አባት ይሉታል። የትውልድ መንደሩ ሰዎች ደግሞ ከዳተኛው ስሌተር ይሉታል። ብሪታንያ የሰዎቹን ክልከላ በ1824 አነሳች፣ የማሽኖቹን በ1843። ያኔ ጅቡ ካለፈ ነው።

ወዳጅ ሲሆን ነገሩ ይቀላል ለምትሉ ደግሞ ጃፓንን ጠይቁ። በ1987 ቶሺባ ማሽን የተባለው በቶሺባ ሥር የነበረ ኩባንያ የመርከብ ፕሮፔለር መፈልፈያ ማሽኖች ለሶቪየት ኅብረት መሸጡ ወጣ። መቆጣጠሪያው የኖርዌዩ ኮንግስበርግ ነበር። «የሶቪየት ሰርጓጅ መርከቦች ድምፃቸው የጠፋው በዚህ ነው» ተባለ። የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ካፒቶል ፊት ለፊት ሣር ላይ ቆመው የቶሺባ ሬዲዮ በመዶሻ ሲከሰክሱ ፎቶ ተነሡ። ጃፓን እኮ ያኔም የአሜሪካ አጋር ናት! በዚያው ዓመት አሜሪካ በቺፕ ጠብ የተነሣ 300 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጡ የጃፓን ዕቃዎች ላይ 100 በመቶ ቀረጥ ጥላለች። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከዓለም የቺፕ ሽያጭ ግማሽ ያህሉ የጃፓን ነበር። ሁለቱ ሲናቆሩ ኮሪያ መሐል ገብታ ሜሞሪውን ወሰደችው።

ሌላም አለኝ፣ ከዚህ በጣም የራቀ። ፋርሶች የሐር ንግዱን ሲያንቁበት የሮማው ዩስቲኒያኖስ በ531 ገደማ ወደ አክሱም መልእክተኛ ልኮ ነበር፣ ወደ ዐፄ ካሌብ። «ሐሩን ከሕንድ እናንተ ግዙና ሽጡልን» አለ። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ጽፎታል። ካሌብም እሺ አለ። ግን አልሆነም፤ የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከቦች በሚያርፉበት ወደብ ቀድመው እየደረሱ ጭነቱን በሙሉ ይገዙት ነበር። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ መነኮሳት የሐር ትል እንቁላል በድብቅ ይዘውለት መጡ፤ ያኔ ነው የተገላገለው።

ነገር_አሳጥር

ስሌተር የገበሬ ልብስ፣ መነኮሳቱ የትል እንቁላል። አሁን ፍላሽ ዲስክ በቂ ነው።

የጥገና_ሰው

ልጄ፣ ፍላሽ ዲስክ በቂ ቢሆንማ እኔ ሥራ አጥ ነበርኩ።

ሃያ ምናምን ዓመት የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ማሽን ስጠግን ኖሬያለሁ። ቺፕ የሚሠራበት ሳይሆን ቺፑ ቦርድ ላይ የሚበየድበት ነው፣ እንዳትሳሳቱ። ግን ጠባዩ አንድ ነው። ማሽን ከመጽሐፉ ጋር ይመጣል። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ግን አብሮ አይመጣም። ጠዋት ጠዋት ሲሞቅ አንድ ድምፅ ያሰማል፤ ያ ድምፅ ደህና ነው ወይስ የብሬክ ነው የሚለውን ወረቀት አይነግርህም። አጠገቤ የቆመ ሰው «ተዋት፣ ትረጋጋለች» ሲለኝ ነው የተማርኩት።

ከ2022ቱ ደንብ ውስጥ እኔን ያስደነገጠኝ ስለ ቺፑ የሚለው አልነበረም። ስለ ሰዎቹ የሚለው ነው። ደንቡ በወጣ በቀናት ውስጥ ኤኤስኤምኤል አሜሪካውያን ሠራተኞቹን «የቻይና ደንበኞችን ማገልገል አቁሙ» አላቸው። ዋይኤምቲሲ የሚባለው የቻይና ሜሞሪ አምራች ፋብሪካ ውስጥ የነበሩ የአሜሪካ ማሽን ሻጮች ባለሙያዎችም ዕቃቸውን ሸክፈው ወጡ። ማሽኑ እዚያው ቆሟል። ድምፁን የሚያውቀው ሰው ሄዷል።

ይኼ የቻይና ችግር ብቻ አይደለም። ቲኤስኤምሲ አሪዞና ላይ ፋብሪካ እሠራለሁ ያለው በ2020 ነው። በ2023 «በቂ የሠለጠነ ሰው አጣን፣ ምርቱ ወደ 2025 ይዘገያል» አለ። ከታይዋን ባለሙያ ማስመጣት ግድ ሆነበት። ገንዘብ ጠፍቶ ነው? አይደለም። ማሽን ጠፍቶ ነው? አይደለም።

ሌሊት_አንባቢ

ጋሼ፣ እንግዲያው ከእኔ ጋር ነዎት ማለት ነው! ሰዎቹ ከወጡ ማዕቀቡ ሠርቷል።

የጥገና_ሰው

ሠርቷል፣ ለጊዜው። ሰው ግን ይማራላ። እኔም ምንም ሳላውቅ ነው የገባሁት።

ብረት_ነክ

ሁላችሁም ከላይ ከላይ ነው የምታወሩት። ቺፕ፣ ቺፕ፣ ቺፕ። ወደ መሬት ውረዱ።

ቻይና ለ2022ቱ ደንብ መልስ የሰጠችው በቺፕ አይደለም፤ በአፈር ነው። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ቺፕ ውስጥ የሚገቡት ጋሊየምና ጀርማኒየም ያለ ፈቃድ አይወጡም አለች። በዲሴምበር 2024 ለአሜሪካ ጭራሽ ከለከለች። ጋሊየም ለብቻው ተቆፍሮ የሚወጣ ማዕድን አይደለም። ቦክሳይት ወደ አሉሚኒየም ሲቀየር ከእጥበቱ የሚለቀም ትርፍራፊ ነው። ሌላው ዓለም «ትርፍራፊ ለመልቀም ማን ይደክማል» ብሎ ተወው። ቻይና ለቀመችው። አሁን ከዓለም ጥሬ ጋሊየም 98 በመቶ ያህሉ ከእሷ ነው።

ትልቁ ዱላ ግን በኤፕሪል 2025 መጣ። ትራምፕ ቀረጡን ሲያንረው ቻይና ሰባት ብርቅዬ ማዕድናትን በፈቃድ ሥር አደረገች። ከነሱ አንዱ ዲስፕሮሲየም ነው። ማግኔት ውስጥ ትንሽ ጣል ይደረጋል፤ ያኔ ማግኔቱ ሲግል ጉልበቱ አይከዳውም። የመኪና ሞተር፣ የተዋጊ ጄት፣ የነፋስ ተርባይን ማግኔት ያስፈልገዋል። በሜይ ወር ፎርድ ቺካጎ ያለውን ፋብሪካውን ለአንድ ሳምንት ዘጋ። ምክንያቱ ማግኔት ማጣት ነው። አስቡት፣ ያን ሁሉ ብረት ገጣጥመህ ጥፍር በምታህል ነገር ትቆማለህ።

ሰው «ብርቅዬ» ሲባል የማይገኝ ይመስለዋል። አፈሩ ብዙ ቦታ አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ማውንቴን ፓስ የሚባለው ማዕድን እስከ 1980ዎቹ የዓለም ዋና ምንጭ ነበር። በ2002 ተዘጋ። ኋላ ተከፍቶም የቆፈረውን ለማጣራት ወደ ቻይና ይልክ ነበር፣ ለዓመታት! ችግሩ ማጣራቱ ላይ ነው። አሥራ ምናምኑ ንጥረ ነገሮች መንታ ይመስል ይመሳሰላሉ። ለመለያየት በአሲድ ደጋግመህ ታጥባለህ፣ መቶ ጊዜም በላይ ሊሆን ይችላል። ዝቃጩ ውስጥ ቶሪየም አለ፣ ጨረር ያለው። ማንም ደጁ ላይ እንዲደፋበት አይፈልግም። ምዕራባውያን ቆሻሻውን ለቻይና ሰጡ፤ ከቆሻሻው ጋር ሙያውም ሄደ።

ጠያቂው

ታዲያ ቻይና ይህን ሁሉ ከያዘች ለምን በአንዴ ዘግታ አትገላገልም?

ብረት_ነክ

@ጠያቂው ሞክራዋለች። በሴፕቴምበር 2010 የቻይና ዓሣ አጥማጅ ጀልባና የጃፓን የባሕር ጠባቂ መርከቦች ተጋጩ። ጃፓን የጀልባውን ካፒቴን አሰረች። ወዲያው ወደ ጃፓን የሚሄደው ብርቅዬ ማዕድን ቆመ። ዋጋው ጣራ ነካ። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ። ጃፓን ላይናስ ለሚባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ገንዘብ አበደረች፣ መጋዘን ሞላች፣ ዲስፕሮሲየም የማይበላ ማግኔት መፈለግ ጀመረች። ያኔ ከምታስገባው 90 በመቶ ያህሉ ከቻይና ነበር፤ ኋላ ወደ 60 ወረደ።

ልብ በል፣ 60 ነው። ዜሮ አልሆነም። ከአሥር ዓመት በላይ ሮጣ።

አሜሪካም አሁን እዚያው ላይ ናት። በጁላይ 2025 መከላከያ ሚኒስቴሯ የማውንቴን ፓስ ባለቤት በሆነው ኩባንያ ውስጥ ባለ አክሲዮን ሆነ፣ የማግኔት ማዕድኑ ዋጋ ቢወርድም ከ110 ዶላር በታች በኪሎ እንደማይሆንበት ዋስትና ሰጠው። የነፃ ገበያ አገር ናት ያላችሁኝ?

ገመድ_ጠባቂ

ስለ ማዕድን ካነሳችሁ የባሕር ሥር ኬብልንም አንርሳ። በአህጉራት መካከል የሚሄደው ኢንተርኔት ከሞላ ጎደል ሁሉ በኬብል ነው፣ በሳተላይት አይደለም። በፌብሩዋሪ 2023 ታይዋን የምታስተዳድራቸው የማትሱ ደሴቶች ሁለት ኬብል በአንድ ሳምንት ውስጥ ተበጠሰባቸው፣ 50 ቀን ገደማ በቀርፋፋ መስመር ኖሩ። በኖቬምበር 2024 ደግሞ ባልቲክ ባሕር ውስጥ ሁለት ኬብሎች በሁለት ቀን ውስጥ። መልሕቅ ነው ይላሉ ሁልጊዜ። መልሕቅ ዘንድሮ ምን ነካው?

አወያይ

የኬብሉ ጉዳይ የራሱ ክር ይገባዋል። @ገመድ_ጠባቂ ክፈተው፣ ሁላችንም እንመጣለን። እዚህ ወደ ማዕቀቡ እንመለስ።

ኮድ_ጻፊዋ

ወደ ማዕቀቡ ከተመለስን የቻይናውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ዲፕሲክን ማንም እስካሁን አለማንሳቱ ገርሞኛል።

የአሜሪካው የቺፕ ኩባንያ ኒቪዲያ በ2022 ዋናው ቺፑ ሲከለከልበት ለቻይና ገበያ ኤች800 የሚባል ሠራ። ስሌቱ ያው ነው፤ ቺፕ ከቺፕ የሚነጋገርበት መስመር ግን ተቀንሷል። ደንቡ ከሚከለክለው ልክ ትንሽ ዝቅ ብሎ የተሰፋ ልብስ በሉት። በኦክቶበር 2023 አሜሪካ ነቅታ እሱንም ከለከለች። ግን የተገዛው ተገዝቷል። የሃንግጆው ዲፕሲክ በ2,048 ኤች800 ላይ ቪ3 የሚባለውን ሞዴል አሠለጠነ። የቺፖቹ መስመር ጠባብ ስለሆነ ኢንጂነሮቹ መልእክቱን አንዱ ስሌት ላይ ሳለ ሌላው እንዲጓዝ አድርገው አቀናጁት። ጽሑፋቸውን ሳነብ ግማሹ የዚህ ጉድለት ማካካሻ ነው። ገንዘብና ቺፕ የሞላለት ሰው እንዲህ አይደክምም።

በጃኑዋሪ 2025 አር1 የሚባለውን ሞዴል ለቀቁ። «በጥቂት ቺፕ ይህን ከሠሩ ቺፑን ማን ይገዛል» ተብሎ ተፈርቶ፣ በዚያው ወር 27 ቀን ኒቪዲያ በአንድ ቀን ወደ 600 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የገበያ ዋጋ አጣ። በታሪክ ማንም ኩባንያ በአንድ ቀን ይህን ያህል አጥቶ አያውቅም ነበር።

ግን @ሌሊት_አንባቢ ላንተም የሚሆን ነገር አለ። የዲፕሲክ መሥራች ሊያንግ ዌንፈንግ ራሱ በ2024 ቃለ ምልልስ ላይ ችግራችን ገንዘብ ሳይሆን የቺፕ ክልከላው ነው ብሏል። ስለዚህ አንቋቸዋል። ታንቀው ነው የሮጡት።

ነገር_አሳጥር

ኤች20ስ?

ኮድ_ጻፊዋ

ኧረ ተወኝ። ኤች20 ከኤች800 የባሰ የተቀነሰው ነው። በኤፕሪል 2025 «ለብሔራዊ ደህንነት» ተብሎ ታገደ። በጁላይ ተፈቀደ። በኦገስት «ከሽያጩ 15 በመቶ ለአሜሪካ መንግሥት» ተባለ። ከዚያ ቻይና ራሷ ኩባንያዎቿን አትግዙ አለች። በዲሴምበር ደግሞ ከኤች20 እጅግ የሚበልጠው ኤች200 በ25 በመቶ ተፈቀደ።

ነገር_አሳጥር

25 በመቶ ከከፈልክ የደህንነት ስጋት አይደለህም። ገባኝ።

ሌሊት_አንባቢ

እሺ፣ እዚህ ላይ እሸነፋለሁ። ስለ ኤች20 የምከላከለው ነገር የለኝም። በር ዘግተህ ቁልፉን ከሸጥከው ዘግቼ ነበር ማለት አትችልም።

የማሽኗ ነገር ግን አሁንም አይለቀኝም። በ2025 መጨረሻ ሮይተርስ አንድ ዘገባ አወጣ። ሼንዘን ውስጥ የኢዩቪ የሙከራ ማሽን ተሠርቷል ይላል። የቀድሞ የኤኤስኤምኤል ኢንጂነሮች አሉበት። ብርሃኑን ማመንጨት ችሏል። የሚሠራ ቺፕ ግን ገና አላወጣም። ለወዳጄ ይህን ስነግረው «አየህ!» አለኝ። እኔም «አየህ!» አልኩት። አንዱን ዜና ይዘን ሁለታችንም አሸነፍን።

እኔ የማየው እንዲህ ነው። ኤኤስኤምኤል ራሱ ከመጀመሪያው የሙከራ ማሽን እስከ ገበያ ድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። ብርሃን ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ቀን ከሌሊት ሳይጠፋ ማብራት ሌላ። ጋሼ እንዳሉት ድምፁን የሚያውቀው ሰው መገኘት አለበት።

ታሪክ_ቆፋሪ

የስሌተርም የመጀመሪያ ማሽን ቶሎ አልሠራ ብሎ አስጨንቆት ነበር። ይህን ለመናገር ብቻ ነው የመጣሁት።

የጥገና_ሰው

ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። ሁላችሁም ትልቁን፣ የረቀቀውን፣ ውዱን ነው የምትጠብቁት። እኔ በሕይወቴ ፋብሪካ ሲቆም ያየሁት በትንሿ ነው።

በ2021 ነው። የምሠራበት ፋብሪካ የሕክምና መሣሪያ መቆጣጠሪያ ቦርድ ይገጣጥም ነበር። ቦርዱ ላይ ከሁለት መቶ በላይ ዕቃ አለ። ከነሱ አንዷ ቮልቴጅ የምታስተካክል፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቺፕ ናት። ምንም የረቀቀ ነገር የላትም፣ ዲዛይኗ ከአንዳንዶቻችሁ ዕድሜ ይበልጣል። እሷ ጠፋች። አቅራቢያችን «52 ሳምንት ጠብቁ» አለን። ያኔ የመኪና ፋብሪካዎቹ በ2020 ትዕዛዛቸውን ሰርዘው ኋላ ሁሉም በአንዴ ተመልሰው መጥተዋል። ቴክሳስ በረዶ ወርዶባት ፋብሪካዎቿ መብራት አጥተዋል። ጃፓን ውስጥ የሬኔሳስ ፋብሪካ በማርች ተቃጥሏል። ያለቀለት ቦርድ መደርደሪያ ሞልቶ፣ ሁሉም አንድ አንድ ባዶ ቦታ ይዞ ተቀምጧል። እንደ ወለቀ ጥርስ።

አለቆቼ ከማላውቀው ነጋዴ 3,000 ፍሬ ገዙ። ዋጋውን አልናገርም፣ ያሳፍራል። ዕቃው ሲመጣ ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ልክ ነው፣ ኮዱም ልክ ነው። ብቻ ጥቁረቱ አላማረኝም። ጥጥ በአሴቶን ነክሬ የአንዷን ጀርባ ጠረግ ጠረግ አደረግሁ። ጥጡ ጠቆረ። ከሥር የፋቁት ገጽ ብቅ አለ፣ የሌላ ቺፕ ስም ጭረቱ ሳይቀር። ከተጣለ ቦርድ ተነቅላ፣ ተፍቃ፣ ቀለም ተቀብታ፣ አዲስ ስም የተጻፈባት ናት። 3,000ውም።

ባለፈው ዓመት የኔክስፔሪያን ዜና ስሰማ ያ ጥጥ ነው ትዝ ያለኝ።

ጠያቂው

ኔክስፔሪያ ምንድን ነው?

ብረት_ነክ

@ጠያቂው የኔዘርላንድስ ኩባንያ ነው፣ ባለቤቱ ቻይናዊ። ዳዮድና ትራንዚስተር ነው የሚሠራው፣ የሳንቲም ዕቃ። በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 የኔዘርላንድስ መንግሥት ከ1952 የቀረ፣ ተጠቅሞበት የማያውቅ ሕግ መዞ ኩባንያው ላይ እጁን ጫነ። ከአራት ቀን በኋላ ቻይና ዕቃው ከአገሯ እንዳይወጣ አገደች። ዌፈሩ ሃምቡርግ ይሠራል፤ የሚቆራረጠውና የሚታሸገው በብዛት ዶንግጓን ነው። ስለዚህ አውሮፓ የተሠራ ዕቃ ለአውሮፓ መኪና ሳይደርስ ቀረ። ሆንዳ ሜክሲኮ ያለውን ፋብሪካውን አቆመ። በኖቬምበር 19 ኔዘርላንድስ ትዕዛዟን አንጠለጠለችው።

በዓለም ላይ ብቸኛዋን ማሽን የሚሠራው አገር በዳዮድ ተንበረከከ። ይህንንማ ልቦለድ ብለህ ብትጽፈው አያምኑህም።

ሌሊት_አንባቢ

ኤኤስኤምኤልና ኔክስፔሪያ አንድ አገር መሆናቸውን እስካሁን አላገናኘሁትም ነበር። ለወዳጄ አሁኑኑ እልክለታለሁ። ወይም አልልክለትም፣ ይደሰትብኛል።

ጋሼ፣ ታዲያ እርስዎ ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ?

የጥገና_ሰው

ምን አደርጋለሁ? 3,000ውን መለስን፣ ገንዘቡ ግማሹ ብቻ ነው የተመለሰው። ዋናዋ ቺፕ በአሥራ አንደኛው ወር መጣች። ከዚያ ወዲህ መሳቢያዬ ውስጥ አሴቶንና ጥጥ አይጠፋም። አለቃዬ በፊት ይስቅብኝ ነበር፤ አሁን ዕቃ ሲመጣ ራሱ ነው የሚጠራኝ።

ጠያቂው

ጋሼ፣ አሴቶኑ ደህናዋን ቺፕ አይጎዳትም?

የጥገና_ሰው

አይጎዳትም፣ ዝም ብለህ አትዘፍዝፋት እንጂ። ጥጡን እርጥብ አድርገህ ጠረግ ነው። ነጭ ፊደሉ ብቻ ከለቀቀ አትደንግጥ፤ በቀለም የተጻፈ ከሆነ ደህናውም ይለቃል። ጥጡ ላይ የምታየው ጥቁር ነው። ጥቁር ካየህ ዕቃውን በሙሉ መልስ። አንዳንዱ አዲስ ቀለም ደግሞ አሴቶንም አያስለቅቀውም፣ ስለዚህ ጠርዟን በማጉያ መነፅር እያት። የተፋቀ ጠርዝ ክብ ክብ ይላል፤ የፋብሪካው ሹል ነው።